ዲፎልት ፕሪንተሩን ከፕሮግራም ውስጥ ስለመቀየር

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ በሲሻርፕ (C#) የጻፍከው ፕሮግራም ደረሰኝ ሲያወጣ የኮምፒውተሩን ዲፎልት ፕሪንተር፣ ማለትም ሌላ ካልተመረጠ ሁሉም ነገር የሚታተምበትን፣ ቀይሮ ሲጨርስ እንዲመልሰው ነው የፈለግከው። ይቻላል፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበር የምሰራው፣ አሁን ግን ግድ ካልሆነብህ ዲፎልቱን ባትነካው ነው የምለው።

ለምን መሰለህ፣ አንድ የሽያጭ ፕሮግራም ሰርቼ ነበር፣ ደረሰኙ 80 ሚሊሜትር ጥቅል ወረቀት ላይ ሌላው ሁሉ ኤፎር ላይ ነው የሚወጣው። ኮዱ ይቀይራል፣ ያትማል፣ ይመልሳል፣ ስሞክረው ምንም አላለም። አንድ ቀን ግን ማተሚያው መስመር ላይ ኤረር መጣና መመለሻው ጋ ሳይደርስ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ከዛ የሂሳብ ሰራተኛዋ የኤክሴል ሰንጠረዥ ፕሪንት ስትለው በዛ ቀጭን ወረቀት ላይ ተቆራርጦ፣ ቁጥሩ ግማሹ ሳይኖር ተግተልትሎ ወጣ፣ እሷም ፕሪንተሩ የተበላሸ መስሏት ስትነቅል ስትሰካ ዋለች። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ዲፎልቱ እኮ የሷ ምርጫ ነው።

ስለዚህ ሲሻርፕ ውስጥ የሚታተመውን ስራ የሚይዘው ፕሪንትዶኩመንት (PrintDocument) ላይ፣ ፕሪንተርሴቲንግስ (PrinterSettings) ውስጥ ፕሪንተርኔም (PrinterName) የሚለውን የደረሰኙን ፕሪንተር ስም ስጠው፣ በቃ ያ ስራ ብቻ ወደዛ ይሄዳል። የወረቀት መጠኑን ከዛ በኋላ ምረጥ፣ ዝርዝሩ ከፕሪንተር ፕሪንተር ስለሚለያይ። ስሙን ኮድ ውስጥ አትጻፈው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ፕሪንተሮች የሚዘረዝረውን ኢንስቶልድፕሪንተርስን (InstalledPrinters) ኮምቦቦክስ፣ ማለትም መምረጫ ዝርዝር፣ ላይ አምጣና ተጠቃሚው አንዴ ይምረጥ አንተ ሴቭ አድርገው። ከማተምህ በፊት ደግሞ ኢዝቫሊድን (IsValid) ቼክ አድርግ፣ በዛ ስም ፕሪንተር መኖሩን ይነግርሃል። እሱ ግን ሁሉንም አይይዝም፣ ሰው ዩኤስቢውን ሌላ ፖርት ላይ ሲሰካው ዊንዶውስ ኮፒ 1 ብሎ ሌላ ፕሪንተር ሊፈጥር ይችላል፣ ያኔ ሴቭ ያደረግከው ስም ላይ የላክኸው አይወጣም።

ለማተም የምትጠቀመው ኮምፖነንት (ፕሮግራምህ ላይ የጨመርከው የሌላ ሰው ኮድ፣ ለምሳሌ የሪፖርት ማውጫ ቱል) ወደ ዲፎልት ብቻ የሚልክ ከሆነ ሌላ መንገድ የለህም። ዊንስፑል ዶት ዲአርቪ (winspool.drv) በሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ውስጥ ዲፎልቱን የሚነግርህ ጌትዲፎልትፕሪንተር (GetDefaultPrinter) እና የሚቀይርልህ ሴትዲፎልትፕሪንተር (SetDefaultPrinter) አሉልህ፣ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ። ጌቱን ሁለቴ ነው የምትጠራው፣ መጀመሪያ ባዶ ሰጥተህ መጠኑን ይነግርሃል፣ ከዛ በዛ ልክ በፈር (ስሙ የሚገባበት የሜሞሪ ቦታ) አዘጋጅተህ ስሙን ትቀበላለህ። መመለሻውን ፋይናሊ (finally)፣ ማለትም ኤረር ቢመጣም በሚሰራው የኮድ ክፍል፣ ውስጥ አድርገው፣ እሱም ብቻውን አይበቃም፣ መብራት ቢጠፋ ወይ አንድ ሰው ከታስክ ማናጀር ቢዘጋው ፋይናሊ አይደርስም። እኔ ከመቀየሬ በፊት የድሮውን ስም ፋይል ላይ እጽፈዋለሁ፣ ስመልሰው አጠፋዋለሁ፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ፋይሉን ካገኘው መጀመሪያ ዲፎልቱን ይመልሳል። ይቺን ነገር በጭራሽ እንዳትተዋት።

ዲፎልቱ ማንም ሳይነካው እየተቀያየረ ካስቸገረህ ዊንዶውስ 10 ላይ በፈረንጆቹ 2015 በ1511 ቨርዥን የመጣ ሴቲንግ አለ፣ ዲፎልቱን ራሱ ዊንዶውስ እንዲያስተዳድር የሚለው፣ መጨረሻ የታተመበትን ፕሪንተር ዲፎልት ያደርገዋል፣ ኮድህን ከመጠርጠርህ በፊት እሱን አጥፋና እየው። ፕሮግራምህ ሰርቪስ (መስኮት ሳይከፍት ከጀርባ የሚሮጥ) ሆኖ የሚሰራ ከሆነ ደግሞ ዲፎልት የየተጠቃሚው ስለሆነ ሰርቪሱ በሌላ አካውንት ሲሮጥ የተጠቃሚውን አያየውም፣ እዛ ጋ ስሙን ከመስጠት ውጪ አማራጭ የለህም።

የሪፖርት ቱልህ የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝና ስም የሚቀበልበትን ቦታ አብረን እንፈልጋለን።