«የት ነው?» ካላችሁ በኋላ «ለምን እዚያ?» በሉ

ልጆቼ፣

ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርሱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ለቀራችሁና ጂኦግራፊ ለምትማሩ ነው የምጽፈው። «የሽምደዳ ትምህርት ነው፤ ለፈተና ሰሞን ይደረስበታል» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ መንገድና የውኃ መስመር በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ሳጠና ነው ጡረታ የደረስኩት። ዕድሜዬን ከካርታ ጋር ስለኖርኩ ይህ አባባል ያሳዝነኛል።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ሸምዳጅ ነበርኩ። የወንዝ ርዝመት፣ የተራራ ከፍታ፣ ዋና ከተማ፣ ሁሉንም በቃሌ እወጣው ነበር። ውጤቴም ጥሩ ነበር። ሥራ እንደጀመርኩ ግን አለቃዬ ካርታ ዘርግቶ አንዲት መንደር አሳየኝና «ለምን እዚህ ተመሠረተች?» አለኝ። ዝም አልኩ። መልሱ ዓይኔ ሥር ነበር። መንደሯ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ምንጭ አጠገብ፣ ግን ጎርፍ ከሚደርስበት ሜዳ ትንሽ ከፍ ብላ ነበር የተቀመጠችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ በፊት ለራሴ አቅርቤ አላውቅም።

የአታካማን በረሃ እንውሰድ። ሰሜን ቺሊ ውስጥ ነው፣ ያውም ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር። ከዓለም እጅግ ደረቅ ቦታዎች አንዱ ነው። ባሕር አጠገብ ሆኖ እንዴት ደረቀ? ከምሥራቅ የሚመጣውን እርጥበት የአንዲስ ተራሮች ያግዱታል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ከደቡብ የሚመጣ ቀዝቃዛ የባሕር ውኃ ዳርቻውን ይዞ ይፈስሳል። በላዩ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ መሆን ያቅተዋል። ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ቦታው አየር ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት ኬክሮስ ላይ ነው፤ የሚወርድ አየር ደግሞ እየሞቀ ስለሚሄድ ደመና አይሠራም። ይህ አንዴ ከገባችሁ፣ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ያለውን የናሚብን በረሃ ማንም ሳያስጠናችሁ አብዛኛውን ታብራሩታላችሁ። እዚያም ዳርቻውን ይዞ የሚፈስስ ቀዝቃዛ ውኃ አለ።

ስም አትያዙ እያልኩ አይደለም። ስም ሳይዙ ማሰብም አይቻልም። ግን ስም ከምክንያቱ ጋር ሲያዝ አይጠፋም። ብቻውን የተሸመደደው ፈተናው ባለቀ ማግስት ብን ብሎ ይጠፋል።

ሌላው፣ የተፈጥሮውንና የሰውን ጂኦግራፊ በሁለት ደብተር ለያይታችሁ አትተዉአቸው። በመካከለኛው እስያ ያለውን የአራልን ባሕር አስቡ። ስሙ ባሕር ይሁን እንጂ ሐይቅ ነው፤ በስፋቱም ከዓለም አራተኛ ነበር። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመግቡት ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ፣ ለጥጥ እርሻ ተጠለፉ። ሐይቁ ሸሸ። ዓሣ አጥማጆች ሥራ አጡ። ከደረቀው ወለል የሚነሳው ጨው የበዛበት አቧራ የሰውን ጤናና እርሻውን ጎዳ። ይሄ የአየር ንብረት ምዕራፍ ነው? የእርሻ ነው? የሕዝብ ነው? ሁሉም ነው። በሥራ ዓለም የሚገጥማችሁ ችግርም ምዕራፍ ለይቶ አይመጣም።

ካርታ ስታዩ ደግሞ ካርታውንም ጠይቁት። ካርታ ሠሪው መርካቶር በ1569 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የዓለም ካርታ አሣሣል ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል ትመስላለች። በእውነቱ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትሰፋታለች። አሣሣሉ ለመርከበኞች አቅጣጫን በትክክል እንዲያሳይ የተሠራ ስለሆነ ስፋትን መሥዋዕት አድርጓል። እያንዳንዱ ካርታ አንድ ነገር ለማሳየት ሌላ ነገር ይተዋል።

ስኬልንም በእጃችሁ ተለማመዱት። በ1:50,000 ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ይህን በቅጽበት ያሰላል፤ ጂአይኤስ የሚባለው የካርታ መረጃ ማጠናቀሪያ ሶፍትዌር የእኛን የወራት ሥራ በቀናት ይጨርሳል። ቢሆንም ከማሽኑ የወጣው ቁጥር ስሕተት ሲሆን የሚነቃው ርቀትን በእጁ ለክቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዛሬ ማታ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ አንድ የኮንቱር ካርታ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በመስመር የሚያገናኝ ካርታ፣ አውጡ። ወንዝ ምረጡና የከፍታ ቁጥሮቹን በወረቀት ሸፍኑ። ውኃው ወዴት እንደሚፈስስ ከመስመሮቹ ቅርጽ ብቻ ለማወቅ ሞክሩ። ኮንቱሮቹ ወንዙን ሲያቋርጡ ይታጠፋሉ፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ምንጩ ይጠቁማል። ከዚያ ወረቀቱን አንሱና ቁጥሮቹን እዩ።