እድፍ ያለበት የቆዳ ቦርሳ፦ ይታደሳል ወይስ ይቅር?

አሜሪካ ባሉ እንደ ጉድዊል ያሉ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች፣ አውሮፓ ደግሞ ሰው ያገለገለ ልብስና ቦርሳ በሚሸጥበት ቪንትድ የተባለ ድረ ገጽ ላይ፣ እድፍ ያለበት የቆዳ የእጅ ቦርሳ በአሥርና በሃያ ብር፣ ማለትም ዶላር ወይም ዩሮ፣ አይታጣም። አንዳንዱ እድፉን አይቶ ያልፈዋል፣ ሌላው የታወቀ ስም አይቶ ዘሎ ይገዛል። ሁለቱም ያዩት መታየት ያለበትን አይደለም። እድፍ ዋጋውን ያወርድላችኋል እንጂ ቦርሳው ይድናል አይድንም የሚለውን አይወስንም። የሚወስነው የቆዳው ጤና፣ ማዕዘኖቹና ማንገቻው የተሰፋበት ሥር ነው።

መጀመሪያ ቆዳ መሆኑን አረጋግጡ። ኪሱ ውስጥ ወይም ማንገቻው ሥር የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጉ። ቆዳ ከሆነ ጠርዙ ላይ እንደ ቃጫ ያለ ጭረት ይታያል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ከሥሩ ጨርቅ፣ ከላዩ ስስ ፕላስቲክ ታያላችሁ። ያ ፕላስቲክ መላጥ ከጀመረ ምንም ቢቀባ አይመለስም፤ አስቀምጡትና ሂዱ።

ቀጥሎ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ እጠፉት። ላይ ላዩን ብቻ የተሰነጠቀ ቀለም ይሸፈናል። ስንጥቁ ወርዶ ቃጫው ከታየ ግን ቆዳው ደርቆ ሞቷል፣ ቅባት አያስነሳውም። ጣታችሁ ላይ ቀላ ያለ ዱቄት ከቀረ ቆዳው ከውስጥ እየበሰበሰ ነው፤ ይህም መመለሻ የለውም። ማዕዘኖቹ ቀለማቸው ብቻ ከለቀቀ ቀላል ነው። ተበስተው ውስጡ ያለው ገመድ ብቅ ካለ ግን አዲስ ቆዳ መለበጥ ይፈልጋል፣ እሱም የባለሙያ ሥራ ነው። ማንገቻውን ሥሩ ላይ ይዛችሁ ሳብ አድርጉ፦ የተፈታ ስፌት ይሰፋል፣ ቀዳዳው ተቀዶ የሰፋ ቆዳ ግን አዲሱን ክርም አይዝም።

ዚፑን ዝጉትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይታችሁ ከፍታችሁ አሽትቱ። ላይ ላዩ ያለ ነጭ ሻጋታ ደጅ ወጥቶ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ገበሩና ካርቶኑ ውስጥ የገባ የሻጋታ ወይም የሲጋራ ሽታ ግን ወራት ቢቆይም አይለቅም። የውስጥ ኪሱ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሽፋኑ እየፈረሰ ነው፤ ገበሩ በሙሉ መቀየር አለበት።

ይህን ሁሉ ካለፈ ወደ እድፉ እንምጣ። ከቦርሳው ሥር፣ በማይታይ ቦታ፣ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ጠብታው ላዩ ላይ ከቆመ ቆዳው የቀለም ሽፋን አለው፣ እድፉም ምናልባት ሽፋኑ ላይ ነው። ከሰረገና ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፤ እድፉም ውስጥ ገብቷል።

የዘይት እድፍ አዲስ ከሆነ የበቆሎ ስታርች ወፍራም አድርጋችሁ ነስንሱበት፣ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ጥረጉት፣ ሁለት ሦስቴ ድገሙት። የከረመ ዘይት አይወጣም፤ ያለው አማራጭ ቦርሳውን በሙሉ ወደ ጠቆረ ቀለም መቀየር ነው። የውኃ ቀለበት የሚያስፈራውን ያህል አይከብድም፦ ቀለበቱን ብቻ ሳይሆን ከስፌት እስከ ስፌት ያለውን ገጽ በሙሉ በረጠበ ጨርቅ እኩል አርሱና ከሙቀት ርቆ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጠርዙ የሚታየው ውኃው ቆሻሻን እየገፋ ሄዶ የደረቀበት መስመር ስለሆነ ነው።

እስክሪብቶ ሌላ ነገር ነው። አልኮል ያስለቅቀዋል የሚባለው እውነት ነው፤ አብሮ ግን የቦርሳውን ቀለም ያነሳና ሰማያዊ ደመና ያስቀምጣል። የሕፃናት እርጥብ ማጽጃም ቢደጋገም ሽፋኑን ይበላል። ፈዛዛ ቦርሳ ላይ ከጂንስ የተላለፈ ሰማያዊ ቀለምም ብዙውን ጊዜ በቀለም ይሸፈናል እንጂ አይለቅም።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። ኢቤይ ላይ ተመሳሳዩን ቦርሳ ፈልጉና «የተሸጡ» የሚለውን ብቻ አጣሩ፤ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ሳይሆን ገዢ የከፈለው ይታያችኋል። ማጽጃ፣ ማለስለሻና የቆዳ ቀለም ከ30 እስከ 50 ዶላር ይፈጃሉ። ሙሉ ቀለም ማስቀባት ባለሙያ ጋ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ያልፋል። የግዢውና የእድሳቱ ድምር በደህና ይዞታ ላይ ያለው ከተሸጠበት ግማሽ በላይ ከሆነ ደህናውን ግዙ።

ድካሙን የሚክሱ አሉ። ከ1990ዎቹ በፊት የተሠሩ ኮች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቦርሳዎች ብዙዎቹ ገበር የላቸውም፣ ቆዳቸው ወፍራም ነው፣ መቆለፊያቸውም ድፍን ናስ ነው። እነዚህን እንዲህ አድርጉ፦ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ነክራችሁ በደንብ ጭመቁ፣ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ፣ በተለይ ቀይ ላይ፣ ወዲያው አቁሙ። ቅርጹን እንዲይዝ በነጭ ፎጣ ሙሉት፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ የሳንቲም ስፋት ያህል ማለስለሻ፣ ለምሳሌ ቆዳ የማያጠቁረውን ቢክ 4፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና በ24 ሰዓት ልዩነት ድገሙት። ደረቅ ነው ብሎ ጠግቦ እስኪፈስ መቀባት ቆዳውን ያላላዋል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ቅቤ አትቀቡ። አገልግልና ቁርበት በቅቤ ይለሰልሳል፤ በቀለም የተሸፈነ የፋብሪካ ቆዳ ላይ ግን አይሰርግም፣ ከርሞ ይሸታል። የወይራ ዘይትም እንዲሁ ነው።

ቦርሳው ጤነኛ ሆኖ የተበላሸው ዚፑ ወይም ገበሩ ብቻ ከሆነ፣ አገር ቤት የምትሄዱ ሰዎች አዲስ አበባ ቦርሳ ሰፊ ጋ ማሠራት ያዋጣችኋል፤ እዚህ የሚያስወድደው የእጅ ዋጋው ነውና። ዚፑንና የናይሎን ክሩን ግን ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ፣ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ለክታችሁ። ሲጨርስ በጫማ ቀለም እንዳያስውበው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የጫማ ቀለም ልብስ ላይ ይለቃል። ሻንጣ ውስጥ ስትከቱት ማንገቻውን ሳታጥፉ በጥጥ የትራስ ልብስ ጠቅልሉት እንጂ ፌስታል ውስጥ አትዝጉት፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ያጸዳችሁት ሻጋታ ተመልሶ ይበቅላል።