ከቤት ሆኖ ወደ ቢሮ ሰርቨር መግባት፦ የቪፒኤን ጥያቄዎቻችሁ

ጥ፦ አነስተኛ የሂሳብ ቢሮ አለን። ሠራተኞች ከቤት ሆነው የቢሮውን ፋይል እንዲከፍቱ እንፈልጋለን። ኦፕንቪፒኤን ይሻላል ዋየርጋርድ?

ቪፒኤን ቤት ያለውን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ያገናኛል፤ ሁለቱም ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ለእናንተ ግን ዋየርጋርድ እላለሁ። ፈጣን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት (ከርነል) ውስጥ ገብቷል። ሠራተኛው ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ቢቀይርም ግንኙነቱ አይቋረጥም። ችግሩ በዩዲፒ (መረጃው መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ የኢንተርኔት ዘዴ) ብቻ መሥራቱ ነው፤ አንዳንድ የሆቴል ዋይፋይ ይዘጋዋል። ለመስክ የሚወጣ ሰው ካላችሁ ለእሱ ኦፕንቪፒኤን በቲሲፒ 443 ፖርት፣ ማለትም ተራ ድረ ገጾች በሚያልፉበት በር፣ አዘጋጁለት። ይንቀራፈፋል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ፒፒቲፒ የተባለውን ያረጀና በቀላሉ የሚሰበር የቪፒኤን ዓይነት ላዘጋጅላችሁ የሚል ባለሙያ ከመጣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። ደግሞ ለራውተሩና ለሰርቨሩ ዩፒኤስ ግዙ፤ ቢሮ መብራት ከጠፋ ቪፒኤን የሚባል ነገር የለም።

ጥ፦ ቪፒኤኑ "ተገናኝቷል" ይለኛል፣ የቢሮው ፎልደር ግን እምቢ ይላል። በስልኬ ሆትስፖት ስሞክር ይከፍታል። ላፕቶፔ ተበላሽቶ ይሆን?

ላፕቶፕዎ ደህና ነው። የአድራሻ ግጭት ይመስለኛል። የቤትዎ ራውተርም የቢሮው ኔትወርክም 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይጠቀማሉ እንበል። የቢሮው ሰርቨር ደግሞ 192.168.1.10 ነው። ላፕቶፑ ይህን ቁጥር ሲያይ "ይሄማ እዚሁ ቤት ነው" ብሎ ሳሎን ውስጥ ይፈልገዋል፤ ወደ ቪፒኤኑ ጭራሽ አይልከውም። ሆትስፖቱ ሌላ አድራሻ ስለሚሰጥ ሠራልዎት። ለጊዜው የራስዎን ራውተር ወደ 192.168.77 ይቀይሩ። ዋናው መፍትሔ ግን የቢሮው ነው፤ እንደ 10.37.52 ያለ ብዙ ሰው ቤት የማይገኝ አድራሻ ይያዝ። የአይቲ ሰው የሁሉንም ሠራተኛ ቤት እየዞረ ራውተር አያስተካክልም።

ጥ፦ ሥራ አስኪያጃችን ሁላችንም በአንድ ዩዘርኔምና ፓስወርድ እንድንገባ ይፈልጋል። "ለማስተዳደር ይቀላል" ይላል።

ይቀላል፣ አንድ ሰው ሥራ እስኪለቅ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የነዳጅ መስመር ለቀናት የቆመው ሰርጎ ገቦች ማንም በማይጠቀምበት፣ ግን ባልተዘጋ የቪፒኤን አካውንት ገብተው ነው። ፓስወርዱ ሾልኮ ነበር፤ ሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅም አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንት ይሰጠው። በዋየርጋርድ ከሆነ ለላፕቶፑና ለስልኩ ለየብቻ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱን ቁልፍ ሁለቱ ላይ ካደረጉት እየተጣሉ ያስቸግራሉ። ክሊራንስ ወረቀቱ ላይም "ቪፒኤን ተዘግቷል" የሚል መስመር ይጨመር፤ ያለዚያ ፊርማ ማንም አይሸኝ።

ጥ፦ ስልኬ ላይ ነፃ ቪፒኤን አለ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም። ሶሻል ሚዲያ ሲዘጋ ያወረዱት ያ አፕ ወደ ማያውቁት ሰው ሰርቨር እንጂ ወደ ቢሮዎ አይወስድዎትም። የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ጭነውት ከሆነ ዛሬውኑ ያጥፉት።