ሥራው ሲዘገይ ቀኑ ለምን አብሮ አይሄድም? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

የፕሮጀክት መርሐ ግብር መከታተል የዘወትር ሥራዬ ነው። አንድ ሥራ ባለቀ ወይም በዘገየ ቁጥር የተከታዮቹን ቀንና ሁኔታ («ታግዷል»፣ «ተጠናቋል» የሚለውን) በእጅ ማስተካከል የሰለቻችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በሚባለው የመርሐ ግብር ፕሮግራም ላይ ሥራዎቹን ቀዳሚና ተከታይ አድርጌ አንድ በአንድ አስሬአቸዋለሁ። ቀዳሚው 5 ቀን ዘገየ፤ ተከታዩ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምናልባት ሥራው በእጅ እንዲመራ ተደርጎ ይሆናል። ከ2010 ዕትም ወዲህ እያንዳንዱ ሥራ በእጅ ይመራ ወይስ ቀኑ በራሱ ይሰላ የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ከጎኑ የስፒል ምልክት ካየህ በእጅ ነው፤ ቀዳሚው ቢዘገይም ቀኑን አይነካብህም። ወደ አውቶ ቀይረው።

እሱ ካልሆነ ገደቡን እይ። የመጀመሪያ ቀን በእጅህ ስትጽፍ ፕሮግራሙ «ከዚህ ቀን በፊት አይጀመር» የሚል ገደብ ያስቀምጣል። ቀዳሚው ሲዘገይ ይገፋል፤ ቀዳሚው ቀድሞ ቢያልቅ ግን ሥራው አይቀድምም፣ ያተረፍከው ጊዜ እዚያው ይባክናል። «የግድ በዚህ ቀን ይጀመር» የሚለው ደግሞ እንደ ችንካር ነው። የእኔ ልማድ፦ ቀን አልጽፍም። የሚፈጀውን ጊዜና ማሰሪያውን ጽፌ ቀኑን ለማሽኑ እተዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቀዳሚውን ከተከታዩ ጋር የሚያያይዙት አራቱም የማሰሪያ ዓይነቶች ያስፈልጋሉ?

መልስ፦ «አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምር» ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። «አብረው ይጀምሩ» እና «አብረው ይለቁ» ለተደራራቢ ሥራ ናቸው፤ ለምሳሌ እርማት ጽሑፉ ከተጀመረ ከ3 ቀን በኋላ ሊጀምር ይችላል። አራተኛው፣ የአንዱ መጀመር የሌላውን ማለቅ የሚወስንበት፣ አዲስ ሲስተም ሥራ ሲጀምር አሮጌውን ለመዝጋት ዓይነት ነገር ነው። እኔ ብዙም አልነካውም።

ጥያቄ፦ ጂራ በሚባለው የሥራ መከታተያ ላይ «ይህ ሥራ ያንን ያግዳል» ብዬ አያይዣለሁ። ቀዳሚው ሲጠናቀቅ ግን የታገደው እንደታገደ ቀረ።

መልስ፦ ማያያዣው ብቻውን ማስታወሻ ነው፤ ምንም አያንቀሳቅስም። የአውቶሜሽን ሩል፣ ማለትም «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» የሚል ትእዛዝ፣ ጻፊለት፦ ሥራው ወደ «ተጠናቋል» ሲሸጋገር ሩሉ ይነሳ፣ ያገዳቸውን ሥራዎች ያግኝ፣ ሁኔታቸውን ይቀይር፣ ለባለቤቱም ይንገር። ብዙ ሰው የሚስተው ግን መሃል ላይ ያለውን ፍተሻ ነው። አንድ ሥራ በ3 ሥራዎች ታግዶ ከሆነ፣ የመጀመሪያው እንዳለቀ ሩሉ «ክፍት ነው፣ ጀምር» ይላል፤ ሠራተኛው ሲገባበት ሁለቱ ገና አላለቁም። እንዲህ ሁለቴ የተታለለ ሰው ሦስተኛውን መልእክት አያምንም። ስለዚህ «ሌሎቹ አጋጆችም ሁሉ አልቀዋል?» የሚለው ፍተሻ የግድ ይግባበት።

ጥያቄ፦ ቀኖቹን የሚያሰላ የራሴን ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ጻፍኩ፤ መዞር ጀምሮ አላቆም አለ።

መልስ፦ ሀ ለን ይጠብቃል፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ ሀን፤ ይህ ቀለበት ካለ ቀኖቹ እየተገፋፉ ማለቂያ የላቸውም። አርተር ካን በ1962 ያሳተመው ዘዴ ይበቃሃል፦ የእያንዳንዱን ሥራ ቀዳሚዎች ቁጠር፤ ዜሮ ያለውን አውጣ፣ የተከታዮቹን ቁጥር በአንድ ቀንስ፣ እንደገና ዜሮ የሆነውን አውጣ። መጨረሻ ላይ ሳይወጣ የቀረ ካለ ቀለበቱ እዚያ ውስጥ አለ። ቀን ማስላት የሚጀመረው ከዚህ በኋላ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ቀን በራሱ መገፋት አለበት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር በራሱ እንዲገፋ አድርጌ አንዱን ቀን በስህተት ቀየርኩ። በማግስቱ ጠዋት ከ100 በላይ ሥራዎች ተንሸራትተው አገኘኋቸው። ሁሉም ሰው ኖቲፊኬሽን ደርሶታል፤ ስለበዛ ማንም አላነበበውም። የቀድሞው ዕቅድ ቅጂም አልነበረኝም። አሁን መጀመሪያ ቤዝላይን፣ ማለትም የዕቅዱን ቅጂ፣ አስቀምጣለሁ፤ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት እስከ 11 ይይዛል።

አሳና በሚባለው የሥራ መከታተያ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፦ በሥራዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ተጠብቆ ሁሉም ይገፉ፤ ወይም መጀመሪያ ክፍተቱ ይበላና ሥራዎቹ ሲጋጩ ብቻ ይገፉ፤ ወይም ምንም አይነካ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ክፍተት የሚተወው ለዚያ አይደል? ሁኔታ በራሱ ይቀየር፣ ችግር የለውም። ቀን ግን የፕሮጀክቱን ማብቂያ እስካልነካ ድረስ ብቻ በራሱ ይንቀሳቀስ፤ ከነካ ለኃላፊው ጥያቄ ሆኖ ይሂድ። ለደንበኛ ቃል የተገባበት ቀን ደግሞ ስሌቱ በማይነካው በሌላ ሳጥን ይቀመጥ። አለዚያ የተሰጠው ቃል ከመዘግየቱ ጋር አብሮ እየተንሸራተተ ማንም ሳያየው ያልፋል።

ጥያቄ፦ ያለኝ ኤክሴል ብቻ ነው።

መልስ፦ ወርክዴይ የሚባለው ቀመር የሥራ ቀናትን ብቻ ይቆጥራል፤ የበዓላት ዝርዝርም ይቀበላል። መጀመሪያ ቀን ማለት ከቀዳሚዎቹ ማብቂያ ትልቁ፣ እሱም ማክስ በሚባለው ቀመር የሚገኘው፣ ሲደመር 1 የሥራ ቀን ነው። ማብቂያው ላይ ከሚፈጀው ቀን 1 መቀነስ አትርሺ፤ ካልቀነስሽ በየሥራው አንድ ቀን ይጨመራል፣ በ20 ተከታታይ ሥራ 20 ቀን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ንዑሶቹን ትቼ ዋናውን ርዕስ ከዋናው ርዕስ ጋር ብቻ ባስርስ?

መልስ፦ ይቅርብህ። ወደፊት የትኛው ንዑስ ሥራ የትኛውን እንደያዘ አታውቅም።

ጥያቄ፦ ሩሌ በደንብ ይሠራል፤ አንዳንድ ሥራዎች ግን ለወራት «ታግዷል» እንዳሉ ይቀራሉ።

መልስ፦ አጋጃቸው ተሰርዞ እንደሆነ ተመልከቺ። ሩልሽ «ተጠናቋል»ን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ የተሰረዘ ሥራ አያስነሳውም። ሆኖም ሲሰረዝ በራሱ እንዲከፍት አታድርጊ፤ ተከታዩ ሲጠብቀው የነበረው ነገር ከእንግዲህ አይመጣም። ለባለቤቱ መልእክት ይሂድለትና ያለዚያ ነገር መሥራት ይችል እንደሆነ እሱ ይወስን።