«ማባዛት ብቻ አይደለም እንዴ?»

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አንዲት የሰፈራችን ልጅ አስቆመችኝ። ኬሚስትሪ ነው የምታጠናው። ለአፓረንትሺፕ ፋብሪካ ልትወጣ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢከር ውስጥ ከሠራ ፋብሪካ ውስጥ የማይሠራው ለምንድን ነው? ማባዛት ብቻ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እዚያው ቆሜ መለስኩላት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። አብሮኝ የኖረ አንድ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ በዚህ ሙያ እንጀራ ለመብላት ላሰባችሁም ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ አልኩ።

መንገድ ላይ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። አንድን ዕቃ በቁመትም በወርድም በጥልቀትም አሥር እጥፍ ብታደርጉት የሚይዘው 1000 እጥፍ ይሆናል። የውጭ ገጹ ግን የሚያድገው 100 እጥፍ ብቻ ነው። ሙቀት ደግሞ የሚወጣው በገጹ በኩል ነው። ቢከር ውስጥ፣ ማለትም በትንሿ የላብራቶሪ ብርጭቆ፣ በራሱ ጊዜ የሚበርድ ውህድ ሪአክተር የሚባለው ትልቁ የፋብሪካ ጋን ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን የሚያወጣበት ያጣል። ሲሞቅ ውህደቱ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የባሰ ይሞቃል። ብዙ የፋብሪካ አደጋ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ይህ መጽሐፍ ላይ ያለ መልስ ነው። እኔ ነገሩ የገባኝ ግን በዕጣን ነው።

መተማና ቋራ ቆላ የሚለቀመውን ዕጣን ታውቁታላችሁ። የዛፉ ቅርፊት ላጥ ላጥ ይደረጋል፤ ዛፉ ይደማል፤ የደማው ሲደርቅ ይለቀማል። ከዚያ ሴቶች መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው በመልክና በመጠን ይለዩታል። ነጭና ትልልቅ የሆነው ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ብናኙና ርጋፊው ግን እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም። እሱም ውስጥ ግን ዘይት አለ። የእኛ ዕጣን ዘይት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ዋናው ነገሩ ኦክታይል አሲቴት የሚባል ነው። ጥሬውን በኩንታል ከምንሸጥ ዘይቱን አውጥተን ለሽቶና ለመዋቢያ አምራቾች ብንሸጥስ የሚል ሐሳብ ተነሣ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ዙሪያ ሳሙና ፋብሪካና ቆዳ ፋብሪካ ሠርቼ ወደ አገሬ ወደ ጎንደር የተመለስኩበት ጊዜ ነበር። ሥራውን ስሰማ ልቤ ቆመ።

ላብራቶሪ ውስጥ ነገሩ ያማረ ነበር። አንድ እፍኝ ብናኝ ፍላስክ ውስጥ እንከታለን፣ እንፋሎት እንለቅበታለን፣ ዘይቱ ከውሃው በላይ ጥርት ብሎ ይንሳፈፋል። ሁሉም በብርጭቆው በኩል ይታያል። ከዚያ እዚሁ ከተማ ብየዳ ቤት የሰው ቁመት ያለው የብረት በርሜል አሠራን። ታቹ ላይ ወንፊት፣ አናቱ ላይ ቱቦ፣ ከቱቦው ቀጥሎ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልሰው ኮንደንሰር። ብናኙን በጆንያ ገለበጥንበት።

የወጣው ውሃ ነው። ዘይት የለም ማለት ይቻላል። ግፊቱ ተጨመረ፤ ለውጥ የለም። በርሜሉ በርዶ ሲከፈት ብናኙ ቀልጦ፣ ተጋግሮ፣ አንድ ድፎ ዳቦ ሆኗል። እንፋሎቱ ጠርዙ ላይ አንድ ቀዳዳ አግኝቶ በዚያች ብቻ ሾልኮ ወጥቷል። መሐሉን ጭራሽ አልነካውም። ያንን ድፎ በዶማ ነበር የፈነቀልነው።

እንፋሎቱ የሚፈላበትን ቦይለር የሚያንቀሳቅሱ አንድ ሰው ነበሩ። የደምቢያ ሰው ናቸው። ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። እኛ «አባ እንፋሎት» እንላቸው ነበር፤ ስሙን ወደውት ነበር። እኛ ስንሟገት እሳቸው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። አንድ ቀን «እናቴ አረቄ ስታወጣ ድፍድፉን አፉ ድረስ አትሞላውም፤ እሳቱንም በአንዴ አትለቅበትም» አሉ። በቃ ይኼው ነው ያሉት። ከዚያ ቆርቆሮ ተበስቶ እንደ መደርደሪያ በርሜሉ ውስጥ እንዲገባ አደረጉ። በየመደርደሪያው ላይ ብናኙን በስሱ በተኑት። ጫፍ ጫፉን ክፍት ተዉት። እንፋሎቱን ቀስ ብለው፣ በርሜሉ እስኪሞቅ እየጠበቁ ለቀቁት። ዘይቱ መጣ።

ሌላም ነበር። ዕጣን ውስጥ ከዘይቱና ከሙጫው ጋር ውሃ ላይ የሚሟሟ ነገር አለ። እሱ ታች ከሚጠራቀመው ውሃ ጋር ሲፈላ አረፋ ይሠራል። ፍላስክ ቢሆን አረፋው ሲወጣ ታዩታላችሁ። ብረት አያሳይም። አባ እንፋሎት መዳፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቱቦው ላይ ያሳርፉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ድምፁ ሲታፈን ቫልቩን ሩብ ዙር ያህል ይመልሱታል። እኛ ችግሩን የምናውቀው መቀበያው ውስጥ ያለው ውሃ ነጭ ሲሆን ነው። እሳቸው ከዚያ በፊት ያውቁ ነበር።

ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ መጀመር አይወዱም። ጋኑ ላይ ያለው ውሃ በፀሐይ ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ኮንደንሰሩን አያቀዘቅዝም። ጎህ ሳይቀድ ነበር እሳት የሚለኩሱት። አንድ ቀን እንግዶች መጥተው ግቢው በዕጣን ሽታ ታውዶ ሲያገኙት አድናቆታቸውን አበዙት። አባ እንፋሎት ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ይኼ የሚሸተው ገንዘባችን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አፍንጫ የደረሰ ዘይት ጠርሙስ አይገባም።

ከዚያ ሪፖርት ተጻፈ። ሰንጠረዥ አለው፣ ሙቀት አለው፣ ግፊት አለው፣ የተገኘው ዘይት መጠን አለው። እኔ ባቀረብኩት ረቂቅ ላይ የእሳቸው ስምና ያደረጉት ነገር ነበረበት። ቢሮው «የቴክኒክ ሠራተኛ ስም በሪፖርት አይገባም» ብሎ ሰረዘው። መደርደሪያውም «ወንፊት» በሚል አንድ ቃል ተጠቃለለ። ጎህ ሳይቀድ መጀመሩ፣ የድምፁ ነገር፣ ቀስ ብሎ መልቀቁ «ዝርዝር ነው» ተብሎ ወጣ። ተከራከርኩ፤ አልሆነም። በጀቱ ሲያልቅ ሥራው ቆመ። በርሜሉም ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ወጣት ነው። ያንኑ በርሜል አግኝተው፣ ያንኑ ሪፖርት ይዘው፣ አንድም ሳያጎድሉ ተከትለውታል። «ጋሼ፣ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው» አለኝ። ብናኙስ ስለው «ተጋግሯል» አለ። አባ እንፋሎት ያኔ በሕይወት አልነበሩም። የማስታውሰውን ያህል ነገርኩት። ያ ቫልቭ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚመለስ ግን በስልክ እንዴት ይነገራል? የሰው ዕውቀት በአንድ የቢሮ ብዕር ሲሰረዝ ማየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፋሲል ግቢ በገባሁ ቁጥር ይኼው ይመጣብኛል። ከተማችን በ1636 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ያ ሁሉ ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ማለት ኬሚስትሪ ነው። ድንጋዩ 900 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ የሚቀረው 56 ኪሎ ነው፣ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ ውሃ ይፈስበታል፤ ግድግዳው ላይ ሲለሰን ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ ድንጋይ ይሆናል። በጣሊያን ጊዜ ጥገና ሲደረግ ሲሚንቶ ገባበት። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ግን ለአሮጌ ግንብ አይስማማም፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመለሱ። ኖራውን ያቃጠሉት ሰዎች እሳቱ እንደበቃ በምን ያውቁ ነበር? ቴርሞሜትር የላቸውም። የንጉሡን ስም እናውቃለን። የእነሱን አናውቅም።

በውጭውም ዓለም ቢሆን ትልቁ ሥራ ይኸው ማሸጋገሩ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር በ1909 እ.ኤ.አ. ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ጠረጴዛ ላይ አሞኒያን ጠብ ጠብ አደረገው። መሣሪያውን አብሮት የሠራው ሮበርት ለ ሮሲኞል ነው፤ ስሙን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ ሊወስደው ሲነሣ የብረት ቱቦዎቹ ይፈነዱበት ጀመር። ሃይድሮጅኑ በዚያ ሙቀትና ግፊት ብረቱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ይበላዋል፤ ብረቱ ይሰባበራል። ቦሽ ውስጡን ካርቦን የሌለው ለስላሳ ብረት አለበሰው፣ ግፊቱን የሚሸከመውን ጠንካራ ብረት ውጭ አደረገው። በ1913 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ዛሬ የደምቢያ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ መነሻው ይህ ነው። ቀመሩ በአንድ መስመር ይጻፋል። ብረቱን ማዳን ግን የዓመታት ልፋት ጠየቀ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። አሲድ ወደ ውሃ ነው የሚጨመረው፣ መነጽር አድርጉ የሚለውን አልደግምላችሁም፤ አንደኛ ዓመት ላይ ሰምታችሁታል።

አሁን ያላችሁ ልጆች ፈጣን ናችሁ። እኛ ቤተ መጻሕፍት ገብተን በሳምንት የማናገኘውን እናንተ ታክሲ እስኪመጣ ታገኙታላችሁ። ግን ቸኩላችኋል። ብዙዎቻችሁ ገና ከመቀጠራችሁ ጠረጴዛና ወንበር ትጠይቃላችሁ። ቦይለር ቤት መግባት የሚያሳፍራችሁም አሉ። ይህን ስል ቅር አይበላችሁ፤ ያየሁትን ነው የምናገረው። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና በእጃችሁ ጻፉ። ሰው ሲያወራችሁ ስልክ የምታዩ ከሆነ አያወራችሁም። ደግሞ መልሼ ሳስበው፣ ያኔ የዛሬው ስልክ በእጄ ቢኖር የአባ እንፋሎትን ቱቦ ድምፅ ቀድቼው ነበር። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዱ። ግን መጀመሪያ አዳምጡ።

ያለንበትን ቦታም አትርሱ። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መተማ ስትወርዱ ከዚያ ከፍ ይላል። የመጽሐፉ 100 ዲግሪ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ፓምፕም ቢሆን እዚህ ውሃ ስቦ የሚያወጣበት ጥልቀት ከዚያ ያንሳል፤ ምክንያቱም ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው አየር ራሱ እዚህ ቀለል ይላል። ከውጭ የመጣ መመሪያ እንዳለ ሲገለበጥ ብዙ ዕቃ ያለ ጥፋቱ «አይሠራም» ተብሎ ተጥሏል።

ቆዳ ፋብሪካ ለምትገቡት አንድ ነገር አደራ። ጸጉር ለማስለቀቅ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ይገባል። ያ ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። በትንሹ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ማሽተቻችሁን ራሱን ያደነዝዘዋል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰዎች ሽታው ቀረ ብለው ጉድጓድ ወርደው ቀርተዋል። ስለ ዕጣኑ አፍንጫ ሲያስተምር ነግሬያችኋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አፍንጫችሁን እንዳታምኑ።

አንቺ ጠያቂዬ፣ ፋብሪካው ስትደርሺ የሌሊት ሺፍት ለምኚ። ቀን ቀን አለቆች አሉ፤ ሁሉም መመሪያውን ነው የሚነግርሽ። ሌሊት ግን ኦፕሬተሩ በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ታያለሽ። «እንዴት ይሠራል?» አትበይው፤ «ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ታያለህ?» በይው። የከሸፈውን ሙከራ ቀኑንና የዕለቱን አየር ጨምረሽ ጻፊ፤ የተሳካውን ሌላው ይጽፈዋል። የገባውንና የወጣውን መዝኚ። ካልተመጣጠነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይም እየሸተተ ነው።

የነገረሽን ሰው ስም ጻፊ። ቢሮው ከሪፖርቱ አውጪው ካለሽ በአባሪ አስገቢው፤ አባሪውንም ካወጡት በራስሽ ቅጂ ላይ ይኑር። ሪፖርቱ ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ለአስተማሪሽ ከመስጠትሽ በፊት ለኦፕሬተሮቹ አንብቢላቸው። የጎደለውን እነሱ ይነግሩሻል።