ምላጭ፣ ብሩሽና ሳሙና፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ በብሩሽና በጺም ሳሙና ጥሩ አረፋ እሠራ ነበር። ድሬዳዋ ከመጣሁ ወዲህ ግን የቱንም ያህል ባሽከረክረው አይነሳም፤ የተነሳውም ፊቴ ላይ ይደርቃል። ሳሙናው ተበላሽቶ ይሆን? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

ሳሙናው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የውሃው ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚያ የመጣ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሳሙና ሲያገኙ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ አረፋ መሆን የነበረበት ሳሙና የመታጠቢያው ዳር ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ደግነቱ፣ ለአንድ ቀን አረፋ የሚያስፈልገው ውሃ ከ2 ወይም ከ3 የሾርባ ማንኪያ አያልፍም። ፊትዎን በቧንቧው ይታጠቡ፤ አረፋውን ብቻ በንጹህ የዝናብ ውሃ ወይም ከፋርማሲ በሚገዛ ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ይሥሩ። ሁለቱም ከሌሉ የቧንቧውን ውሃ 10 ደቂቃ አፍልተው ያሳድሩትና ከላይ የጠለለውን ቀስ ብለው ይቅዱ። ሙሉ በሙሉ ባይለሰልስም ልዩነቱን ያዩታል።

ሳሙናም አይቆጥቡ። ብሩሹን አርጥበው ያራግፉ፤ ሳሙናው ላይ 30 ሴኮንድ ያዞሩ ከነበረ አሁን 1 ደቂቃ ያዙሩ። ከዚያ ፊትዎ ላይ ወይም ሳህን ውስጥ እየመቱ ውሃውን በጣት ጫፍ ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ጥሩ አረፋ እንደ ረጋ እርጎ ይከብዳል፣ ያብለጨልጫል፤ በሁለት ጣት ሲያሹት ያንሸራትታል። እንደ ቢራ አረፋ ፊኛ ፊኛ ካለ ውሃው በዝቷል፤ ደርቆ ብሩሹ ላይ ከተጣበቀ ውሃው አንሷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ነው።

በተላጨሁ በሁለተኛው ቀን አንገቴ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል። እስካሁን የምጠቀመው ባለ 5 ስለት ካርትሪጅ (ጭንቅላቱ የሚቀየር መላጫ) ነው። ወደ ባለ አንድ ምላጭ ብቀይር ይተወኛል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

ይቀንስልዎታል፤ ግን ምላጩ ብቻውን ተአምር አይሠራም። እብጠቱን የሚያመጣው የተጠቀለለ ጺም ነው። ባለ ብዙ ስለቱ መላጫ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሳብ ሲያደርገው ቀጣዩ ይቆርጠዋል፤ የተረፈው ጫፍ ከቆዳ በታች ይገባል። ሲያድግ ተጠቅልሎ ሥጋውን ይወጋል፣ ሰውነትም እንደ እሾህ ቆጥሮ ያብጣል። ፀጉራችን ጠመዝማዛ ለሆንን ሰዎች በጣም የተለመደ ነው።

መጀመሪያ እብጠቱ እስኪጠፋ ምላጭ ይተዉ፤ 4 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ጺምዎን በማሽን 1 ሚሊ ሜትር አስቀርተው ይከርከሙ። ቀጥሎ የ2 ቀን ጺም ሲኖርዎት አንገትዎን በጣትዎ ይዳስሱ፦ በለሰለሰበት በኩል አበቃቀሉ ነው፣ በሻከረበት በኩል ተቃራኒው። የአንገት ፀጉር ከጉንጭ አይመሳሰልም፤ አንዳንዱ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ጎን ይበቅላል። ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚላጭ ሰው አንገቱን ሳያውቀው በተቃራኒው ይላጫል።

ከዚያ በኋላ በአበቃቀሉ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይላጩ፤ ለሁለተኛው አረፋውን እንደገና ይቀቡ። ቆዳዎን በእጅዎ አይወጥሩ፤ ሲለቁት ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ማታ ላይ ትንሽ ሻካራ ሆኖ ቢሰማዎት ይሁን፣ ያው ትክክለኛው ነው። የገባውን ፀጉር በመርፌ መቆፈር ጠባሳ ያስቀራል። እብጠቱ መግል ከያዘ ወይም ካልተወ የቆዳ ሐኪም ይዩት።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ጺም ጀምሯል። የአያቱ የነበረ፣ እጀታው ሲጠመዘዝ ከላይ እንደ በር የሚከፈት መላጫ አለን። ይጠቀምበት? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መላጫው ይሆናል፤ ገበያ ላይ ያለው በሁለቱም ጎን ስለት ያለው ምላጭ ዛሬም ይገባበታል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና ነክረው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት፣ አድርቀውም በአልኮል ይጥረጉት። ማፍላት ግን ሽፋኑን ሊልጠው ይችላል።

ምላጩ የራሱ ይሁን። ከአባቱም ከወንድሙም ጋር አይጋራ፦ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፣ ለዐይን የማትታይ ደም ትበቃዋለች።

ሲገጥም ምላጩን በአጫጭር ጎኖቹ እንዲይዝ ያስተምሩት። ከዘጋው በኋላ ከፊት ለፊት ይመልከተው፤ ስለቱ በሁለቱም በኩል እኩል ብቅ ማለት አለበት። አንዱ ጎን ከበለጠ ያ ጎን ይነክሳል፤ ፈትቶ እንደገና ይግጠም። የመላጫውን አናት ጉንጩ ላይ ያስደግፍ፣ እጀታውም ወደ ፊት ለፊት ይዘርጋ። ከዚያ ስለቱ ፀጉር ሲነካ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ እጀታውን ቀስ እያለ ወደ ታች ያውርድ። 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ከካርትሪጅ የመጣ እጅ መጫን ይለምዳል፤ እዚህ ግን የብረቱ ክብደት ይበቃል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እየላጨ ያለቅልቅ። ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ካየ ተጭኗል ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ) ወደ አዲስ አበባ ስበር እንዲህ ያለውን ምላጭ የሚገባበት መላጫ በእጅ ሻንጣ ልይዘው እችላለሁ?

እጀታውን ያለ ምላጭ፣ አዎ። ምላጮቹ ግን፣ የታሸጉትም ሳይቀሩ፣ በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ።

ማታ ማታ 25 ደቂቃ መስታወት ፊት እቆማለሁ፤ ባለቤቴ ትስቃለች። ሦስት ዙር ካልተላጨሁ አልረካም፣ ግን ይለበልበኛል። (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

ይሳቁ እንጂ፣ 25 ደቂቃው ምንም አይደለም። አረፋውን የፈለጉትን ያህል ይምቱ፤ የሚጎዳው ምላጩ ነው፣ ከፀጉሩ ጋር የላይኛውን የቆዳ ሽፋንም ይፍቃል። በአዘቦት አንድ ዙር ይላጩና ሻካራውን ብቻ ይደግሙ፤ ሦስተኛውን ለቅዳሜ ያቆዩት። ሲጨርሱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ አልኮል የሌለበት ቅባት።

ምላጩን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ተላጭተው ይለውጡ፤ መጎተት ከጀመረ ከዚያም በፊት። ስለቱን በፎጣ አይጥረጉ፣ አጥበው ያራግፉት። ምላጭ፣ ሳሙናና መላጫ በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ ፊትዎ ቢለበለብ የትኛው እንዳደረገው አይታወቅም።

የጺም ብሩሽ ፀጉሩ ከምን ነው? (አንባቢ፣ ከሪያድ)

ከርካሾቹ ብዙዎቹ የአሳማ ፀጉር ናቸው። ሻጩ ላይነግርዎ ስለሚችል፣ በእምነትዎ የማይሆን ከሆነ ሰው ሠራሽ ይግዙ። ጥሩዎቹ ሳይዘፈዘፉ አረፋ ያነሳሉ፣ ቶሎም ይደርቃሉ። የፈረስ ፀጉርም አለ፤ እርሱ ከመጠቀም በፊት ለ2 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። የቱም ቢሆን አጥበው፣ ጨምቀው፣ አየር በሚያገኝበት ያድርቁት፤ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ የዘጉበት ብሩሽ ይሸታል፣ ሥሩም እየረገፈ ይመጣል።