አዲሱ ሪከርድ ከላይ እንዲመጣ ቁልፉን እንዴት ልሥራው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የተጠቃሚዎችን እንቅስቃሴ ኤችቤዝ (HBase) የሚባለው ዳታቤዝ ላይ እመዘግባለሁ። የሮው ቁልፌ (እያንዳንዱ ረድፍ የሚለይበት ቁልፍ) ዩዘር አይዲ፣ ማለትም የተጠቃሚው መለያ ቁጥር፣ ከዚያ ሰዓት ነው። የአንድ ሰው የመጨረሻ 20 እንቅስቃሴዎች ሲፈለጉ ግን ከድሮው ጀምሬ ሁሉንም ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኤችቤዝ ሮዎችን የሚደረድረው በቁልፋቸው ባይት ነው፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ። ሰዓት ደግሞ እያደገ ነው የሚሄደው፤ አዲሱ ሁሌ ጭራ ላይ ቢገኝ አይገርምም። ስለዚህ ሰዓቱን ገልብጠው፦ ከአንድ ትልቅ ቋሚ ቁጥር ላይ ቀንስና ውጤቱን ቁልፉ ውስጥ አስገባ። 1700000000000 ሚሊሰከንድን ከ9999999999999 ስትቀንስ 8299999999999 ይመጣል። ከ5 ሰከንድ በኋላ የገባው ሪከርድ 8299999994999 ይሆናል። አነሰ አይደል? በቃ፣ ቀድሞ ተሰለፈ። እውነተኛውን ሰዓት ስትፈልግ መልሰህ ትቀንሳለህ።

አንዳንዱ ሰው ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ለጥፎ የጨረሰ ይመስለዋል። ቁልፉ ጽሑፍ ከሆነ ይህ ፈጽሞ አይሠራም፣ ምክንያቱም ምልክቱ ሁሉም ላይ አንድ ስለሆነ ድርድሩ እንደድሮው ይቀጥላል። የአሃዙ ብዛትም እኩል ይሁን፤ በጽሑፍ ድርድር 10 ከ9 ይቀድማልና ያጠረውን ፊቱ ላይ በዜሮ ሙላው። ዩዘር አይዲውም ላይ ያው ነው፣ አለዚያ የ1ን ስትፈልግ የ10ም ተግተልትሎ ይመጣል።

ዩዘር አይዲውን መጀመሪያ ማድረግህ ግን ጎበዝ! እንዳትነካው። የተገለበጠውን ሰዓት ከፊት ብታስቀምጥ የሁሉም ሰው አዲስ ሪከርድ አንድ ሪጅን (በአንድ ሰርቨር የሚያዝ የቴብሉ ክፍል) ላይ ይከመርና አንዱ ሰርቨር በሥራ ብዛት ሲቃጠል ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። መጨረሻው ላይም አንድ መለያ ጨምር። አንድ ሰው በአንድ ሚሊሰከንድ ሁለት ነገር ካደረገ ቁልፉ አንድ ይሆንና ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል፤ ኤረር እንኳ አታይም።

ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን፣ ቴብሉ ውስጥ ብዙ ዳታ ካለ ሮዎችን ከመጨረሻው ወደ ኋላ የሚያነበውን ስካን (ተከታታይ ንባብ) ሞክረው። ከኤችቤዝ ቨርዥን 0.98 ጀምሮ አለ። መነሻ የምትሰጠው ትልቁን ቁልፍ፣ ማቆሚያው ትንሹን መሆኑን እንዳትረሳ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ባዶ ውጤት አግኝቶ ግራ የሚገባው። ፍጥነቱ ከበቃህ እኔ ብሆን ቁልፉን አልነካም። ካልበቃህ የተጻፈ ሮው ቁልፉ ስለማይቀየር አዲስ ቴብል ከፍተህ ዳታውን በአዲሱ ቁልፍ መቅዳት አለብህ፤ ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ አዲስ የሚመጣውን ሁለቱም ላይ ጻፍ።